የሕፃኑ ልብስ ከምን ተሠራ?

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለ ሕፃናት ልብስ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሕፃን አፍ የለውም። ልብሱ ሲሞቀው «ሞቀኝ»፣ ሲያሳክከው «አሳከከኝ» ብሎ አይነግረንም። ያለቅሳል እንጂ። እኛም ራበው ብለን ጡት እንሰጠዋለን።

እስቲ በሐሳባችን ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አሞራ ገደል እንሂድ። አሞራ ገደል በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባዎች ማለዳ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ። አባ ኮዳው የተጣለውን ለመልቀም ይሰበሰባል። ጦጣውም የሰው እጅ እጅ ያያል። ዓሣ የምትገዛ እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ማለዳ ይቀዘቅዛል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ትበረታለች። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ኮቱን ያወልቃል፤ ነጠላውን ይገልጣል። በጀርባ ያለው ሕፃንስ? እሱ ማለዳ በለበሰው ይቆያል። የለበሰው የሚያብረቀርቅ የናይለን ቀሚስ ከሆነ ላቡ መውጫ ያጣል። ከዚያ አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ፣ ጭኑ መካከል ቀያይ ሽፍታ ይወጣል። እናትየው «ዓይን በላው» ትል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን የበላው ዓይን ሳይሆን ሙቀትና ላብ ነው።

ለምን? ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ጠብታ ውሃ በአሮጌ ነጠላ ላይ ጣሉ። ሌላ ጠብታ በናይለን ጨርቅ ላይ ጣሉ። ነጠላው ውሃውን ይጠጣዋል። ናይለኑ ላይ ግን ውሃው ቶሎ አይሰርግም። የሕፃኑ ላብም እንደዚሁ ነው። ጥጥ ከማሳ የሚበቅል ተክል ነው። ናይለንና ፖሊስተር ግን የሚሠሩት ከነዳጅ ዘይት ነው። የፕላስቲክ ዘመዶች ናቸው።

«ታዲያ ገበያ ላይ እንዴት እለየዋለሁ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ማንበብ መቻላችሁ ይረዳችኋል። በፋብሪካ የተሰፋ ልብስ አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ጨርቅ አለችው። ብዙ ሰው ታሳክካለች ብሎ ቆርጦ ይጥላታል። ከመጣላችሁ በፊት አንብቧት። ፊደሉ የውጭ አገር ቢሆንም ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። 100 ካለ ልብሱ የተሠራው ከአንድ ዓይነት ክር ብቻ ነው። 60 እና 40 ካለ ሁለት ዓይነት ክር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ! 100 ማለት ሁልጊዜ ጥጥ ማለት አይደለም። ፖሊስተርም 100 ይጻፍበታል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የጥጥ ስም የሚጀምረው አፉን ወደ ቀኝ በከፈተ ክብ ፊደል ነው። የፖሊስተር ስም የሚጀምረው ደግሞ ቀጥ ብሎ በቆመ፣ ከላይ በስተቀኝ ሆድ ባለው ፊደል ነው።

እዚያችው ጨርቅ ላይ ሥዕሎችም አሉ። የሳፋ ሥዕል ስለ እጥበት ይናገራል። በሳፋው ውስጥ 40 ከተጻፈ ውሃው ከ40 ዲግሪ በላይ አይሙቅ ማለት ነው። እጅ ከተሣለበት በእጅ እጠቡ ይላል። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተሰረዘ ሥዕል በረኪና አታድርጉ ይላል። የተሰረዘ ካውያ አትተኩሱ ይላል። ቁጥርና ከአጠገቡ አንድ የውጭ ፊደል ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የልጁን ዕድሜ በወር ይነግራል። ሐዋሳ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ከየገጠሩ ሄደው ለውጭ ገበያ ልብስ ሰፍተውበታል። ከቤተሰባችሁ እዚያ የሠራች ካለች ጠይቋት። ስለነዚህ ምልክቶች ከኛ የበለጠ ታውቅ ይሆናል።

ጽሑፉ ከጠፋስ? ከስፌቱ ጫፍ አንዲት ክር ምዘዙ። ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ክሩን በወረንጦ ይዛችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ናይለንና ፖሊስተር ግን ይኮማተራሉ፤ ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱም ጠንካራ ጠብታ ይሆናሉ። ሽታቸው የፕላስቲክ ሽታ ነው።

ያ ጠብታ በሕፃን ገላ ላይ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የብዙዎቻችን ምድጃ ወለል ላይ ነው። ልጅ ደግሞ መዳህ ሲጀምር ወደ ብርሃኑ ይሄዳል። የሚቀልጥ ልብስ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ቢሆን አይነድም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ይነዳል። ስለዚህ ምድጃ ባለበት ቤት ሰፊና የሚንጠለጠል ቀሚስ ለሚድህ ልጅ አይሆንም፤ ጥጥም ሆነ ሌላ። አደጋ ከደረሰ ቃጠሎው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አፍስሱ። ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ጨርቅ አትላጡ። ቅቤ ወይም ጭቃ አትቀቡ። ልጁን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚገባ ቆሻሻ የሚሄድበት የለውም። የናይለንና የፖሊስተር ልብስ ሲታጠብ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሮች ይለቃል። እነዚህ ክሮች እንደ ጥጥ አይበሰብሱም። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ በዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች ከሦስቱ የአንዱ ያህል ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ፕላስቲክ ተገኝቷል። ዝዋይ ከሐዋሳ ሩቅ አይደለም። ፓምፐርስ የሚባለው የሽንት መጠበቂያም ፕላስቲክ አለበት። ለመንገድ ይመች ይሆናል፤ አንከለክልም። ግን ሐይቅ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ አይጣል። የጥጥ የሽንት ጨርቅ ታጥቦ፣ በውሃ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። እጥበቱም ሐይቁ ውስጥ አይሁን። ውሃ ቀድታችሁ ከዳር ርቃችሁ እጠቡ፤ እጣቢውን መሬት ላይ ድፉት።

ስለ ልብስ ስንጨዋወት አንዲት ወጣት እናት ለአማቷ እንዲህ ብትላቸው አይገርመንም፤ «እማማ፣ የጎረቤት ልጅ ቀይ የሚያብረቀርቅ ለብሶ፣ የኔን በአሮጌ ነጠላ ልጠቅልለው? ደኸዩ ይሉናል እኮ!» አማትየውም «ልጄ፣ ባልሽንም ያሳደግሁት በነጠላ ነው። አሁን ማን ደኸየ አለው?» ይላሉ።

የወጣቷ ነገር ግን እውነት አለው። ሰው ልጁ እንዲያምርለት ይፈልጋል። ይህም ነውር አይደለም። ለዚህ ግን ናይለን ግድ አይደለም። አንቀልባን ተመልከቱ። ከለፋ ቆዳ ይሠራል፤ በዛጎልና በጨሌ ይሽሞነሞናል። አንዱ አንቀልባ ለታላቁም ለታናሹም ይሆናል። በእጅ የተፈተለ ማግም እንዲሁ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው ሲሠራው አዲሱ ጨርቅ ትንሽ ይሻክራል። በታጠበ ቁጥር ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ ለአራስ ልጅ አሮጌው ነጠላ ከአዲሱ ይሻላል። በኛ አስተያየት ከአዲስ ናይለን የጥጥ ሰልባጅም ይሻላል። ግን ሰልባጁን መጀመሪያ በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ሰው የለበሰው ስለሆነ ሳይታጠብ ለሕፃን አይሆንም።

ምን ያህል እናልብሰው? የዓለም ጤና ድርጅት አራስ ልጅ አዋቂ ከሚለብሰው አንድ ወይም ሁለት ልብስ ይጨመርለት ይላል። ቆብም ይደረግለት። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከማልበስ ስስ ስስ ልብሶችን መደራረብ ይሻላል። ፀሐይ ስትበረታ አንዱን መግለጥ ይቻላልና። በእጃችሁ ደረቱን ወይም ጀርባውን ዳስሱ። ላብ ካለው ቀንሱለት። ከቀዘቀዘ ጨምሩለት። ስትጠቀልሉት ደግሞ እግሩን ቀጥ አድርጋችሁ አትሰሩት። ጉልበቱ መታጠፍና መከፈት አለበት። እግሩ ተገትሮ የታሰረ ልጅ የዳሌው መጋጠሚያ ሊጎዳ ይችላል።

አሁን አንዲት ሸሚዝ እንስፋ። አሮጌ ነጠላ በፈላ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ወርዱ 28፣ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቁረጡ። ሜትር ከሌላችሁ ወርዱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ ርዝመቱ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ይሁን። ነጠላው ከሳሳ ደርቡት። ጨርቁን በርዝመቱ ለሁለት እጠፉት። የታጠፈበት ትከሻ ይሆናል። በትከሻው መካከል ለአንገት 12 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ከዚያ የፊቱን ጨርቅ ብቻ ከአንገት እስከ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ክፈቱት። ፊቱ ክፍት የሆነ ልብስ በሕፃን ራስ ላይ በግድ አይጠልቅም። በግራና በቀኝ ለክንድ 10፣ 10 ሳንቲ ሜትር ተዉና የቀረውን ጎን ስፉ። የሽመና ጨርቅ ስለሚተረተር ጫፉን ሁሉ አጥፋችሁ ስፉት። ስፌቱ በውጭ በኩል ይሁን፤ ቆዳውን እንዳይፍቀው።

ቁልፍ አታድርጉ። ልጁ ነቅሎ ሊውጠው ይችላል። ደረቱ ላይ ሁለት አጫጭር ማሰሪያ ይበቃል። አንገቱ ላይ ግን ምንም ማሰሪያ አይኑር። የነጠላው ጥለት ደህና ከሆነ ቆርጣችሁ ከታች፣ በዘርፉ ላይ ስፉት። ወርቃማ ክር ያለበት ጥለት ይፍቃልና አንገትና ብብት አጠገብ አይድረስ። ልጁ ሲያድግ የጎኑን ስፌት ፈትታችሁ ከዚያው ነጠላ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ግቡበት። እጅጌ ስለሌለው ለማለዳው ብርድ በላዩ ጋቢ ደርቡለት።