የተጋደመ መስመር የቆመ ሰው ነው

ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡትን ደብተር ገልጦ መመልከት የወላጅ ተግባር መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ ማረም ዝም ከማለት የከፋ ጥፋት መሆኑን በቅርቡ ከገዛ ቤቴ ስለ ተማርሁ፥ ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነገሩን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

የ13 ዓመት ልጄ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያደረገውን ጉዞ በግራፍ ሥሎ እንዲያመጣ ታዝዞ ኖሮ፥ ካሬ ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ የሣለውን አቀረበልኝ። ከታች በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃ ተቈጥሯል፤ በግራ በኩል ከታች ወደ ላይ ከቤት ያለው ርቀት በሜትር ተጽፏል። በመካከሉ ያለው መስመር መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥቂት ይጋደማል፤ ከዚያ እስከ ታች ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከፊተኛው ይልቅ ቀና ብሎ ይወጣል። እኔም «ከዚህ እስከ ትምህርት ቤትህ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ይህን ዳገትና ቍልቍለት ከወዴት አመጣኸው?» ብዬ በቀይ እርሳስ ሰረዝሁበት። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ማታ ግን እናቱ «ዛሬኮ ደብተሩን ረስቶ ከመንገድ ተመልሶ መጥቶ ነበር» ብትለኝ፥ ወረቀቱን እንደ ገና አንሥቼ ተመለከትሁ። የሰረዝሁትም ነገር አጠራጠረኝና ልጁን ጠርቼ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። «አባባ፥ መስመሩ የመንገዱ ሥዕል አይደለም፤ በየደቂቃው ከቤት ምን ያህል እንደ ራቅሁ የሚናገር ነው እንጂ፤ ቅድም እንዳልመልስልዎ ፈርቼ ነው» አለኝ።

ነገሩም እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው 10 ደቂቃ 600 ሜትር ሄደ። ከዚያ 5 ደቂቃ ቆሞ ጓደኛውን ጠበቀ። ሰው ቢቆምም ጊዜ አይቆምምና መስመሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ርቀቱ ስላልተጨመረ ግን ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ የተጋደመ መስመር የቆመ ሰው ነው። ቀጥሎ ደብተሩን መርሳቱ ትዝ ብሎት በ5 ደቂቃ ወደ ቤት ሮጠ፤ ከቤት ያለው ርቀት እያነሰ ስለ ሄደ መስመሩ ወረደ። በመጨረሻም 1200 ሜትሩን በ10 ደቂቃ ፈጽሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። እኔም ከቀዩ ሰረዝ አጠገብ «የተሳሳተው አባትየው ነው» ብዬ ጻፍሁለት።

እንግዲህ የመስመሩ መቃናት ፍጥነትን ያመለክታል። በመጀመሪያ በደቂቃ 60 ሜትር፥ በኋላ በደቂቃ 120 ሜትር ስለ ሄደ፥ የኋለኛው መስመር ይበልጥ ቀና አለ። መላው የረገጠው መንገድ ሲደመር 2400 ሜትር፥ ጊዜውም 30 ደቂቃ ነውና፥ አማካይ ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ልብ አድርጉ፤ በሥዕሉ ላይ በ80 ሜትር ፍጥነት የሄደባት አንዲት ደቂቃ እንኳ የለችም። አማካይ ቍጥር እውነት ሲሆን ብዙ ነገር ይሸሽጋል።

ለዚህም የአበበ ቢቂላ ሩጫ ምስክር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ፤ ይህም በአማካይ በደቂቃ 312 ሜትር ያህል ነው። የእርሱንና የሞሮኮውን ሯጭ የራዲን ጉዞ በአንድ ወረቀት ላይ ብንሥለው፥ ብዙውን መንገድ ጐን ለጐን ስለ ሮጡ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። በዚያን ጊዜ በሮማ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ አበበ ፍጥነቱን በጨመረ ጊዜ ግን መስመሮቹ ይለያያሉ፤ በ25 ሴኮንድም ቀድሞ ገባ። ድሉ የተገኘበትን ስፍራ አማካይ ቍጥር አይነግረንም፤ መስመሩ ግን ያሳየናል።

ይህ ለሩጫ ብቻ ሳይሆን ለሰው ሕይወትም የሚያሠጋ ነገር ነው። አንድ ሾፌር በችሎት ፊት ቆሞ «18 ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት ነው የመጣሁት፤ እንግዲህ ፍጥነቴ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነበር» ቢል፥ ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከግማሹ ሰዓት 15 ደቂቃውን ቡና ቤት ተቀምጦ አሳልፎት እንደ ሆነ፥ በቀረው ጊዜ በአማካይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲበር ነበር ማለት ነው።

የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ ሌላ ዓይነት ግራፍ ያስረዳናል። በዚህኛው በግራ በኩል የሚጻፈው ርቀት ሳይሆን ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከታች ከፍ ብሎ የተጋደመ መስመር የቆመ ሰው መሆኑ ቀርቶ፥ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ የሚጓዝ ሰው ይሆናል። የተጓዘው ርቀት ደግሞ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ነው። ይህን በስፋት የመለካት ጥበብ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው የፈረንሳይ ሊቅ ኒኮል ኦሬም በሥዕል አስረድቶታል።

በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 10 ሜትር ነው፤ 72 ደግሞ 20 ሜትር ነው። መንገዱ ደረቅ ሆኖ ፍሬኑ በየሴኮንዱ 5 ሜትር ከፍጥነቱ የሚቀንስ ቢሆን፥ የፊተኛው አውቶሞቢል በ2 ሴኮንድ፥ ሁለተኛው በ4 ሴኮንድ ይቆማል። ወደ ታች የሚወርደው መስመር ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ስፋቱም የመሠረቱና የቁመቱ ብዜት እኩሌታ ስለ ሆነ፥ የፊተኛው 10 ሜትር፥ የሁለተኛው 40 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው አራት እጥፍ ሆነ። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢያልፍ፥ የፊተኛው በጠቅላላው በ20 ሜትር፥ ሁለተኛው በ60 ሜትር ይቆማል። በ30 ሜትር ርቀት ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ ቢኖር፥ ከፊተኛው ይድናል፤ ሁለተኛው ግን ልጁ ካለበት ሲደርስ ገና አልቆመም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ አንድ ቀን ማታ ሰዓት ይዛችሁ ልጆቻችሁን በግቢ አስኪዱ፤ እርምጃቸውን ቍጠሩ፤ በወረቀትም ላይ አብራችሁ ሣሉ። መንገድ ሲሻገሩም የሚመጣው አውቶሞቢል ሩቅ ነው ብለው እንዳይደፍሩ በዚሁ ወረቀት አስረዷቸው። መስመሩንም ከመፍረዳችሁ በፊት በዳርና በዳሩ የተጻፈውን አንብቡ። እኔ ሳላነብ ፈርጄ በልጄ ፊት አፍሬአለሁ።