የኛ ደም የት ተመዘገበ?



ከመገናኛ እስከ ቦሌ፣ ከገርጂ እስከ አያት፣ የካንሰር ታማሚ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ወሬው ሲነሳ «በዘር ነው» ብለን እናልፋለን። ከወላጆቻችን የምንወርሰው ግን ተጋላጭነትን ብቻ አይደለም፤ ሰውነታችን ዕጢን የሚዋጋበት መንገድም በከፊል የውርስ ነው።

የመከላከያ ሴሎች ዕጢው ውስጥ ገብተው የካንሰር ሴሎችን ይገድላሉ። ስንቱ እንደሚገቡና እንዴት እንደሚሠሩ በመወሰን የወረስነው ዘረ መል ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከ9,000 በላይ ታማሚዎችን መረጃ መርምሮ፣ ከ139 የመከላከያ ባሕርያት በ33ቱ ላይ የውርስ አሻራ አግኝቷል። ነገር ግን ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ።

ይህ እኛን ምን ይጎዳናል? «ዳፊ» የሚባለውን ዘረ መል እንውሰድ። በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው በተፈጥሮ ቁጥራቸው ዝቅ ይላል፤ ሰዎቹ ግን ጤነኞች ናቸው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው ዳፊ የለውም፤ አውሮፓ ውስጥ ሁሉም ሰው አለው ማለት ይቻላል፤ እኛ አገር ያለውም የሌለውም ጎረቤት ነው። ኬሞ ከመስጠት በፊት የሚታየው የደም መለኪያ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የተወሰደ ነው። በዚህ የተነሳ ለራሱ ልክ የሆነ ቁጥር ያለው ታማሚ «ደምህ አንሷል» ተብሎ መድኃኒቱ ሊዘገይበት ይችላል። ይኸው ዘረ መል በጡት ዕጢ ውስጥ ከሚገኙት የመከላከያ ሴሎች ብዛት ጋርም ተያይዞ ተገኝቷል።

«አፍሪካዊ» ብሎ ማጠቃለልም አይበቃም። በሆርሞን መድኃኒት የማይታከመው ክፉው የጡት ካንሰር ከኢትዮጵያውያን ይልቅ በጋና ታማሚዎች ላይ በብዛት ታይቷል። የጋናው መረጃ የኛን አይተካም።

ስለዚህ ለጥናት ደም ወይም ናሙና ስንጠየቅ በጅምላ እምቢ ማለት የለብንም እንላለን። በጅምላ እሺም አንበል። ናሙናው ለምን ይፈለጋል? በቦሌ አየር ማረፊያ በኩል ወደ የት ይሄዳል? ማን ያስቀምጠዋል? ውጤቱ ለኛ ታማሚዎች ይመለሳል ወይ? ደም አማና ነው፤ ተቀባዩ ሊጠየቅበት ይገባል። ናሙና ውጭ መላኩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የሚያስቆጨው እውቀቱም እዚያው ሲቀር ነው። እንዳይቀር ደግሞ ሕክምና፣ ባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስና ኮምፒውተር የምንማር ልጆች ወደዚህ መስክ መግባት አለብን።

«በዘር ከመጣ ምን ይደረጋል? ቀደር ነው» የሚሉ አሉ። ውርስ ግን ፍርድ አይደለም። የወረስነውን ማወቅ ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ለመምረጥ ይረዳል። በቀደር ማመናችን ሰበብ ከማድረስ አያግደንም። በዚህ ሳምንት ወደ ቤት ስንደውል፣ እናቶቻችንና እህቶቻችን ጡታቸው ላይ እብጠት ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ እንንገራቸው። ሰበቡ ከዚህ ይጀምራል።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን። አሚን።