አፍንጫ የሌለው አሽታች



ባለፈው ክረምት በጊሼ በኩል ከተማሪዎቼ ጋር ስንጓዝ ላም ገና የጣለችው እበት መንገድ ዳር አየን። ብዙም ሳንቆይ አንድ ጥቁር ጢንዚዛ ጥዝዝ እያለ መጥቶ አጠገቡ ዱብ አለ። ሌላም ተከተለው። አንዱ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ልብሱን እየሰበሰበ፣ «ጋሼ፣ አፍንጫ እንኳ የለው! ማን ነገረው?» አለኝ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጢንዚዛው በዋናነት የሚያሸተው በሁለቱ አንቴናዎቹ ነው። ጫፋቸው ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበሩ ቀጫጭን ቅጠሎች አሉ፤ ሽታ ሲፈልግ ይዘረጋቸዋል። ከትኩስ እበት ኢንዶል፣ ስካቶልና ክሬሶል የሚባሉ ኬሚካሎች እየተነኑ ይወጣሉ፤ ነፋስም እየቆራረጠ ይወስዳቸዋል። ጢንዚዛው ሽታው ሲደርሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ይበራል። ከጠፋበት መልሶ እስኪያገኘው ወዲያና ወዲህ ይላል። ጥንብ ፈላጊ ዘመዶቹም የሚሄዱት እንዲሁ ነው፤ እነርሱን አጥብቆ የሚጠራቸው ግን ድኝ ያለበት የብስባሽ ሽታ ነው።

እበቱ ቅርፊት ሲይዝ ሽታው ይደክማል፤ ስለዚህ ፈጥኖ መድረስ ግድ ነው። በመንዝ ደግሞ ቅርጫት የያዘች እናት ትቀድመዋለች። ደጋው እንጨት የራቀው ስለሆነ እበቱ ተለቅሞ፣ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። እናቴም ስትጠፈጥፍ ኖራለች፤ ልወቅሳት አይደለም፣ ያለ እሳት እንጀራ አይጋገርም። ሆኖም ጢንዚዛው መሬት ውስጥ የሚቀብረው እበት ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው። በአውስትራሊያ የአገሬው ጢንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅ ፋንድያ ስለነበር፣ ከውጭ የገቡት ላሞች እበት ሜዳውን ሸፈነው፤ አገሪቱም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከአፍሪካ ጢንዚዛ ማስመጣት ግድ ሆነባት።

ከኩበቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለከብትና ለበግ ትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት አብዛኛው በእበት ይወጣል። የስፔን ተመራማሪዎች በ2015 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳወቁት፣ ጥቂቱ እንኳ የጢንዚዛውን የማሽተትና የመንቀሳቀስ ችሎታ ያዳክማል። እበቱ አጠገቡ እያለ ሽታው አይደርሰውም ማለት ነው። መድኃኒቱን ተዉ አልልም፤ የመንዝን በግ ትል ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅ፣ ከገበያ በተገዛ መርፌ ደህናውንም የታመመውንም አንድ ላይ መውጋት ለኪስም አይበጅም።

ያ ልጅ በማግስቱ አንድ ጢንዚዛ በክብሪት ቤት ይዞ መጣ። አንቴናውን ተራ በተራ ካየን በኋላ ራሱ ወስዶ ሜዳው ላይ ለቀቀው።