«ፎርማት አድርገው!» ከማለታችን በፊት

በከተማችን ድሬዳዋ ኮምፒውተር ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርገው!» ቢንቀራፈፍም ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባውም ፎርማት፣ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ቢጀምርም ፎርማት። ለመጨረሻው በሽታ ግን ይህ መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው ባይ ነኝ። ሊሞት የተቃረበ ሃርድ ዲስክ በቅድሚያ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ አለበት። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን? እንደሚታወቀው በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያሉት ሳህኖች አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። መረጃ የሚያነበው ሄድ ሳህኑን ሳይነካ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል። ይህ ክፍል አንዴ ከተጎዳ እያንዳንዱ ተጨማሪ ንባብ ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል። በዚህ ሰዓት ቼክ ዲስክ ማስኬድ ማለት በሽተኛን ሩጫ ማስሮጥ ነው። የድሬ ሙቀትና ድንገት የሚጠፋው መብራት ሲጨመሩበት ደግሞ አስቡት!

«አቦ፣ ፋይሌን በፍላሽ አውጥቼ ዊንዶውስ አዲስ ብጭንስ?» የሚል አይጠፋም። ፋይል ብቻውን እኮ ሁልጊዜ አይበቃም። በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ምልክት ይደረደራል። ፒችትሪ ላይ የሚሠራ የሒሳብ ክፍልም ፕሮግራሙን ከነማስተካከያው እንደገና መጫን ይኖርበታል፤ የመጫኛው ሲዲ ከተገኘ ማለት ነው። ሲስተሙ እንዳለ ከተዛወረ ግን ሰውየው ካቆመበት ይቀጥላል።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩን በታመመው ዲስክ ሳይሆን በፍላሽ ላይ በተጫነ ሊኑክስ ማስነሳት፤ ዲስኩ ገና ደህና ከሆነ በክሎንዚላ፣ መጥፎ ሴክተር ካለው በዲዲሬስኪው መገልበጥ ነው። ዲዲሬስኪው በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ አውጥቶ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆያል። የደረሰበትን የሚመዘግብ ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ከተሰጠው መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ ከተማ የተሠራ ነው የሚመስለው! አዲሱ ዲስክ ኤስኤስዲም ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ግን ከአሮጌው ማነስ የለበትም። ሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን ማስነሻ ክፍሉን ጨምሮ ሙሉውን ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መድረሻ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ! ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፋል። ጥገናው በመጨረሻ በቅጂው ላይ ይደረጋል። ባዮስ ጭራሽ የማያየው ዲስክ ከሆነ ግን ሶፍትዌር አይረዳውምና አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

«አዲስ ዲስክ ውድ ነው» የሚለው ክርክር ይገባኛል። ሆኖም ዲስክ ገንዘብ ከተገኘ ይገዛል፤ የአንድ ተመራቂ የዓመት ልፋት ግን ከከዚራ እስከ መጋላ ቢታሰስ አይገኝም።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችን ሁለት ነገር ቢያደርግ እላለሁ። አንደኛ፣ በጥገና ትምህርት ውስጥ ፎርማት ማድረግን ብቻ ሳይሆን ሲስተም ማዛወርንም በተግባር ያስተምረን። ሁለተኛ፣ በላብራቶሪው አንድ ትርፍ ዲስክና አንድ የተዘጋጀ ፍላሽ ይቀመጥ። የዲስኩ የስማርት መረጃ የተበላሹ ሴክተሮች መብዛታቸውን ሲያሳይ ያኔውኑ እንነሳ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።