ለብስክሌት የሚተርፍ ሰዓት



በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ አገልግሎቱን ፈጽሞ ወደ ሲቪል ኑሮ ለመመለስ የተዘጋጀ አንድ አሥር አለቃ የጻፈው ነው። ሁለት ሥራ ቀርቦለታል። አንደኛው ደመወዙ ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ከማለዳ እስከ ምሽት የሚያቆይ የመጋዘን ሥራ ነው። ሁለተኛው ደመወዙ አነስ ያለ፣ በፈረቃ የሚሠራና ግማሹን ቀን ነጻ የሚያደርግ የጥበቃ ሥራ ነው። በጦር ክፍሉ የብስክሌት ቡድን ውስጥ ለዓመታት ስለ ተወዳደረ ብስክሌቱን መተው አይፈልግም። «የትኛውን ልምረጥ?» ሲል ይጠይቃል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን በሌላ እጅ ጽሕፈት አንዲት መስመር ሰፍራለች፤ «እሱ ብስክሌት ሲነዳ ልጆቹን የሚይዘው ማን ነው?» ትላለች። የማን ጽሕፈት እንደ ሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

የአሥር አለቃው ጥያቄ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። የሠራዊት ኑሮ ለልምምድ ሰዓት ይመድባል፤ የሲቪል አሠሪ ግን ሰዓቱን የሚገዛው ለራሱ ነው። ስለሆነም ከሠራዊቱ የሚወጣ ስፖርተኛ ያን ሰዓት ከየት እንደሚያገኘው ማሰቡ ተገቢ ነው።

እንግሊዛዊቷ ቤሪል በርተን በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ብትሆንም በብስክሌት ደመወዝ አልተከፈላትም። ኑሮዋ በዮርክሻየር፣ ሩባርብ የሚባል ተክል በሚመረትበት እርሻ ላይ በጉልበት ሥራ ነበር። ሥራው ከባድ ቢሆንም የእርሻው ባለቤት ራሱ ብስክሌተኛ ስለ ነበረ የሙያ ባልደረባውን ፍላጎት ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በ12 ሰዓት ውስጥ 446 ኪሎ ሜትር ያህል በመንዳት የወንዶችን ክብረ ወሰን ሳይቀር በልጣለች። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን ባለቤቷ ቻርሊ ነበር። ብስክሌቷን የሚያሰናዳውና ወደ ውድድር የሚያደርሳት እሱ ነው። እንግዲህ የቤሪል ሰዓት ከእርሻው ብቻ አልተገኘም፤ ከቤቷም ጭምር ነው እንጂ።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከካርቱም እናምጣ። ከጦርነቱ በፊት፣ ብዙ የአገራችን ልጆች ይኖሩበት በነበረው ደይም በተባለው ሠፈር አንድ ወዳጃችን ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ተቀምጦ ነበር። ካርቱም ሜዳ ናት፤ ብስክሌተኛን የሚያደክም አቀበት የላትም። ይሁን እንጂ በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበልም ስለሚነሣ፣ ለመንዳት የሚመቸው ማለዳው ነው። ወዳጃችን ሥራ ሲመርጥ የመዘነው ስንት ሰዓት ነጻ እንደሚሆን ሳይሆን የትኛው ሰዓት ነጻ እንደሚሆን ነበር። የቀረበለት የዘበኝነት ሥራ መኝታና የተሻለ ደመወዝ ነበረው፤ ግን ከግቢ አያስወጣም። ሌሊት የሚጋግረው ዳቦ ቤት በአንጻሩ ጎሕ ሲቀድ ያሰናብታል። ዳቦ ቤቱን መረጠ። ልብሱን ከዱቄት አራግፎ፣ በዓባይ ዳር ዳር እየነዳ፣ ወንዙ ከነጭ ዓባይ ጋር እስከሚገናኝበት እስከ ሞግራን ደርሶ ይመለስ ነበር።

ሦስት ወር ደስ ብሎት ቆየ። ባለቤቱ ግን በሰው ቤት ምግብ ታበስል ነበርና ሥራ የምትገባው በዚያው ማለዳ ነው። ልጁን አልብሳና አብልታ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ስትደርስ እየዘገየች ከደመወዟ ይቆረጥ ጀመር። አንድ ምሽት፣ ሳትቆጣ፣ የተቆረጠባትን ያህል ገንዘብ ከአስቤዛው ላይ ቆጥራ ፊቱ አስቀመጠችና፣ «ይህ የብስክሌትህ ኪራይ ነው» አለችው።

ወዳጃችን ሥራውን አልተወም፤ ብስክሌቱንም አልሸጠም። ሁለቱ ተቀምጠው ሳምንታቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሦስት ማለዳ እሱ ይነዳል፤ ሦስት ማለዳ ልጁን ይይዛል። ዓርብ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ስለሆነ እሷ ጓደኞቿን ልትጠይቅ ትሄዳለች፤ ወጡን እሱ ይሠራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ብስክሌቱን እዚያው ጥለው በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ። ሳምንቱን በወረቀት የመጻፉን ልማድ ግን ይዘውት መጥተዋል።

ክቡር አሥር አለቃ፣ ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን ከመምረጥዎ በፊት እነዚህን ነገሮች ይመዝኑ። በመጀመሪያ፣ የሥራ ቦታው ከቤትዎ ምን ያህል ይርቃል? 10 ኪሎ ሜትር ቢሆንና በብስክሌት ቢመላለሱ፣ በአምስት ቀን 100 ኪሎ ሜትር ነዱ ማለት ነው። ጊዜ የለውም ያሉት የመጋዘን ሥራ እንኳ በዚህ መንገድ ልምምድ ሊሰጥዎ ይችላል። ሁለተኛ፣ ነጻ የሚሉት ግማሽ ቀን በእውነት ነጻ ነውን? ሌሊት ሲጠብቅ ያደረ ሰው ቀን መተኛት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ብስክሌተኛ በመኪና መካከል መግባቱ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ የደመወዙ ልዩነት ከቤቱ ወጪ ምኑን ይነካል? ይህን ብቻዎን አይወስኑት።

ምክራችን ይህ ነው። ፈረቃው ቀን ከሆነና ልዩነቱን ቤቱ ከቻለው፣ ጥበቃውን ይያዙ፤ አለበለዚያ መጋዘኑን ይዘው በብስክሌት ይመላለሱ። በሁለቱም በኩል ግን በወረቀቱ ላይ አስቀድመው የባለቤትዎን የዕረፍት ሰዓት ይጻፉ፤ ቀጥሎ ልጆቹን እርስዎ የሚይዙበትን። ለብስክሌት የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እመቤት ሆይ፣ ከደብዳቤው ግርጌ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከግርጌው ሳይሆን ከራስጌው ይጻፉልን። ወረቀቱ ተጽፎ ሲያልቅ ለእርስዎ ስንት ሰዓት እንደ ደረሰ ማወቅ እንወዳለን።

ሰላም ሰንብቱ።