ጽድን ስለ መትከል

በሳይቤሪያና በአልፕስ ተራሮች ላርች የሚባለው ዛፍ በብርድ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል። ከእርሱ ወገን የሆኑት የአገራችን ጽድና ዝግባ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ደጋ ጽድ ተጠብቆ የሚገኘው ይልቁንም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚደርስ ብዙ ባለ መሬት እርሱን ይመርጣል። ለማገዶ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምስጥ የማይደፍረው፥ ለምሰሶና ለመዝጊያ የሚታመነው ጽድ ነው። እድገቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ዛሬ ያልተከለ ለልጅ ልጁ ምሰሶ አያወርስም።

ደግሞም የጽድ ወንዱና ሴቱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ናት። በአንድ ቅጽር የቀሩት ጥቂት ሴት ዛፎች ቢቆረጡ ዘሩ ከዚያ ስፍራ ይጠፋል። ስለዚህ የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ፥ ሥጋውን አጥቦ በመደብ መዝራት፥ ችግኙን በጥላ ማሳደግ፥ ክረምት ሲገባ ተክሎ ከከብት ማጠር ይገባል።

የወረዳ ሹም ባሕር ዛፍ ተካዩን ሁሉ ከመሬቱ ጥቂቱን ለጽድ እንዲለይ ቢመክር፥ የቅጽሩንም ዛፍ ከምሳር ቢያስጠብቅ፥ ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ሀብት ያቆያል።