ጥሉ ከሜዳው በፊት ነበረ

በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወልዲያና የመቐለ ከተማ እግር ኳስ ክለቦች ሊጫወቱ በነበረበት ቀን፣ በወልዲያ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ። ልብ እንበል፤ ጥሉን ኳስ አልወለደውም። አስቀድሞ በልብ የነበረውን ማልያው ገለጠው እንጂ።

ወገኖቼ፣ እኛስ? በየግቢው የአማኝ ተማሪዎች ኅብረት ከየብሔሩ የመጡ ልጆች አብረው ይጸልያሉ። ከጸሎት በኋላስ ማዕድ የምንቆርሰው፣ የኳስ ቡድን የምንመሠርተው ከማን ጋር ነው? ኤፌሶን 2፥14 ክርስቶስ በሕዝቦች መካከል የነበረውን ግድግዳ እንዳፈረሰ ይነግረናል። እርሱ ያፈረሰውን መልሰን አንገንባ።

ከውርጌሳ፣ ከመርሳና ከወልዲያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄዱ ልጆቻችን፣ ተጫዋች ስትመርጡ እግሩን እንጂ ቋንቋውን አትዩ። ጌታ ይርዳን።